በትሩን የያዘው ማን ነው?

በዚህ ዓምድ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አረጋውያን እንቅልፍ ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ርዕሴ ደግሞ ከመቃብር የሚነሣ ሙት ነው። «ሲስተርን ምን ነካቸው?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጤና ጣቢያው በር ላይ እንደሚያደርሰን ታያላችሁ።

ጉዳዩን ያመጣው ውጭ አገር የሚኖረው የልጄ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከብበው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ ፈዋሽ፣ ሌላው ሌባ። ተራኪው «በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመካከራሉ፣ ይወስናሉ፣ ከዚያም ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ወርውረው የደረሰባቸውን ይቀበላሉ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት የሚባለው «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ነው። እኛ ልጆች ሳለን እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲሉን «የመሠረት» ብለን እናዳምጥ ነበር። የእነሱ ልዩነት አድማጩ ተረቱ ውስጥ ገብቶ መንገዱን መለወጥ መቻሉ ነው። ስልክ ከማፍጠጥ በእጅጉ የተሻለ ጨዋታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አስፈሪ ፍጡር ያስፈልጋል፤ ፈጣሪውም ራሱ ተራኪው ነው። ታዲያ ልጁ ተራው ደርሶት «እምዬ፣ የሐበሻ ዞምቢ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎት ነበር።

መጀመሪያ ዞምቢ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ቃሉ በዓለም የታወቀው ከሄይቲ ነው። ሄይቲ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎች በፈረንሳዮች የሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት ያለቁባት፣ ከዚያም ታግለው በ1804 እ.ኤ.አ. ነፃነታቸውን ያወጁባት አገር ናት። በሄይቲ ተረት ዞምቢ ማንንም አይበላም፣ አይነክስምም። ከመቃብር አውጥቶ የሚገዛው ጌታ አለው፤ ሥራውም በእርሻ ላይ ሌት ተቀን መልፋት ነው። ሰዉ የሚፈራው ዞምቢ እንዳያገኘው ሳይሆን ራሱ ዞምቢ እንዳይሆን ነው። በሕይወት ሳለ በባርነት የተያዘ ሰው ቢያንስ ሞት ያሳርፈኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ዞምቢ ማለት ያ የመጨረሻ ዕረፍት እንኳ የተነፈገው ሰው ነው። ታዲያ አንድ መድኃኒት አለው፤ ጨው። ጨው የቀመሰ ዞምቢ ነቅቶ ማን እንደሆነ ያስታውሳል፣ ወደ መቃብሩም ይመለሳል ይላሉ።

ከዚያ ሲኒማው መጣ። በ1932 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኋይት ዞምቢ» የተባለው ፊልም ገና ጌታውን አልዘነጋም ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሮሜሮ ባቀረበው ፊልም ግን ጌታው ጠፋ። ሙታኑ በገዛ ራሳቸው ተነሥተው ሰው የሚበሉ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ፊልሞች ደግሞ የነከሱት ሁሉ እንደነሱ የሚሆን በሽታ ሆኑ። ባሪያ የነበረው ተላላፊ ሆነ ማለት ነው። ተላላፊ ሲሆን ደግሞ ማዘን ቀረ፤ ጭንቅላቱን ብሎ መጣል ብቻ ነው።

የልጆቹ ጨዋታ ከሁለቱም ቀላቅሏል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ዞምቢ ቀርፋፋ ነው፤ ጌታውም ድግምተኛ ነው። ድግምተኛው በየ24 ሰዓቱ ሥልጣኑን ካላደሰ ሙቱ መታዘዝ ያቆማል። አንድ ደንብ ደግሞ በጣም ገረመኝ። ዞምቢው የሕይወት ነጥቡ አልቆ ወደቀ በተባለበት ጊዜ ዳይስ ይወረወርለታል። ከቀናው በአንድ ነጥብ ሕይወት ተመልሶ ይነሣል። የመታው ኃይል የብርሃን ከሆነ ወይም ምቱ እጅግ የሠመረ ከሆነ ብቻ ይህ ዕድል አይሰጠውም። አያችሁ፣ ፍጡሩ የሚያስፈራው በመልኩ ሳይሆን በደንቡ ነው። «መታሁት፣ አለቀ» ብሎ ዘወር ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። የሐበሻ ዞምቢ አለ ወይ? አለ። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የባህል አጥኚ በመንዝ ካሉ ገበሬዎች የሰማውን ስለ ቡዳ የሚነገር እምነት በ1974 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አውጥቶታል። የሚገርመው ጨዋታው በታተመበት ዓመት መሆኑ ነው። ቡዳ ዐይኑን ጥሎ ሰውን «ይበላል» መባሉን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከሞት በኋላ ያለውን ክፍል ነው። ቡዳው የበላውን ሰው መቃብር ቆፍሮ አስከሬኑን ያወጣል፣ ቤቱ ወስዶም ያስነሣዋል፤ ለሰባት ዓመትም ያሠራዋል። የተነሣው ሰው ያለበትን ሁኔታ ያውቃል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሲመቱት በዝምታ እንባውን ያፈስሳል። እንግዳ ሲመጣ ጌታው ምድጃ ዳር ባስቀመጠው ቀጭን በትር ጭንቅላቱን ነካ ሲያደርገው ማሰሮ ይሆናል። እንግዳው ሲሄድ በዚያው በትር መልሶ ሰው ያደርገዋል። ሰባት ዓመቱ ሲያልቅ አመድ ሆኖ ይበናል። ቤተሰብ ይህን ለመከላከል መቃብሩን አርባ ቀን ይጠብቃል ይባል ነበር።

ይህን ስነግረው ልጁ በደስታ ጮኸ። እውነትም ለተራኪ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? የሚያለቅስ ሙት፣ ማሰሮ የሚያደርግ በትር፣ የሰባት ዓመት ቀጠሮ። ከሄይቲው ጋር መመሳሰሉንም ልብ በሉ፤ እዚያም እዚህም ሙቱ ተበዳይ ነው። ባርነት በእኛም አገር እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረ ነገር ነው። በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከሞት በኋላም ባሪያ መሆንን የሚፈራ ተረት ያለ ምክንያት አይወለድም።

ደስታው ካለፈ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «በጨዋታህ ውስጥ በትሩን የያዘው ማን ነው?» «ቡዳው ነዋ» አለኝ። «ቡዳው ማን ነው?» አልኩት። ዝም አለ። እሱ ውጭ ነው ያደገው፣ አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

በተረታችን ቡዳ የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት። ማረሻችንን ያሾለልን ሰው፣ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችልን ሴት። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ፣ ልጅ እየተከለከሉ፣ ከማኅበር እየተለዩ ኖሩ። ቤተ እስራኤላውያንም ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት ይተዳደሩ ስለነበር ይኸው ስም ለብዙ ዘመን ሲለጠፍባቸው ቆይቷል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቆመም። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ስንል ስለ ድህነቷ እንተርታለን፤ ማን እንዳደኸያት ግን አንጠይቅም።

ይህ ስም በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ያየሁት በዋግ ደጋ ስሠራ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆኜ ሳለ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ገደማ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ነጠላውን ስገልጠው እግሮቹ አብጠዋል፣ ቆዳው በየቦታው ተልጧል፣ ጸጉሩ ሳስቶ ቀላ ብሏል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። አያለቅስም፣ አያይም፣ መርፌ ሲነካው እንኳ አይቆጣም። የልጁ አያት ከኋላዋ ቆመው «ቡዳ በልቶት ነው እኮ ሲስተር፣ ሰውነቱ ብቻ ነው የቀረው» አሉኝ። ሳምንታት በጭስና በክታብ አልፈዋል። ሌላ ዐይን እንዳያርፍበት ብለውም ከጨለማ ጓዳ አላወጡትም። የበላችውን ሴት በስም ያውቋታል፤ ገበያ ላይ ልጁን አይታ «ሲያምር!» ያለች ሸክላ ሠሪ ነበረች።

የልጁ በሽታ የምግብ እጥረት ነበር። እብጠቱም የመጣው ከዚያው ነው። በእንዲህ ያለ ከባድ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ እንዳገኙ ብዙ ምግብ ቢያበሉት ልቡ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለውን የሕክምና ወተት በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ሰጠነው፣ ከበሽታ የሚከላከል አንቲባዮቲክም ጀመርንለት፣ እንዳይበርደው አቀፍነው። እብጠቱ ሲቀንስና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ወደ ጠንከር ያለው ምግብ ተሸጋገርን። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል ልጁ አለቀሰ። እኛ ነርሶች ሳቅን። የዚህ ዓይነት ልጅ ሲያለቅስ ድኗል ማለት ነው፤ ዝም ያለው ነው የሚያሰጋው።

ልጁ ዳነ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ከዚያ ገበያ ቀረች። ልጁ በወተት መዳኑን መንደሩ ሁሉ አየ፤ «የበላችው» የተባለችውን ሴት ይቅርታ የጠየቃት ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም። እሷም እኮ ልጆች ነበሯት፤ ምጣድ ካልተሸጠ እነሱም አይበሉም።

ሰቆጣ ለዚህ ጉዳይ ተራ ቦታ አይደለችም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል የተነገረው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው። ስሙም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ያ ቦታ የተመረጠው የዋግና የተከዜ ተፋሰስ ሕዝብ ድርቅንና ረሃብን ደጋግሞ ስላየ ነው። ልጅ የሚበላው ማን እንደሆነ በዚያ አገር በደንብ ይታወቃል። የተሟጠጠ አፈር፣ የዘገየ ዝናብ፣ የራቀ ውሃ፣ ባዶ ጎተራ ናቸው የሚበሉት። ቡዳ የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ይሸፍንና ጣቱን ወደ አንዲት ድሃ ሴት ይቀስራል።

ለልጅ ልጄ የነገርኩት ይህንኑ ነው። አስፈሪ ፍጡር ስትፈጥር ደንብ ታወጣለህ። ደንቡም ለተጫዋቹ ማንን መፍራት፣ ማንን መጥላት፣ ማንን መምታት እንዳለበት ያስተምረዋል። ስለዚህ ሙቱን እንዳለ ውሰደው፤ በትሩን ግን ከሸክላ ሠሪዋ እጅ አውጣ። «ታዲያ ለማን ልስጠው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ በስልክ ተጨቃጭቀን የሚከተለውን ሠራን። የእናንተም ልጆች ሊጫወቱበት ይችላሉና ልንገራችሁ።

ቦታው በደጋ ላይ ያለ፣ ዝናብ ለሁለት ዓመት የቀረበት አገር ነው። ልጁ መጀመሪያ ሙታኑን ከዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሊያስነሣ ፈልጎ ነበር። ሰቆጣ አጠገብ ባለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የጥንት የዋግ ሹማምንት ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች መኖራቸውን፣ በላስታም በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ብዙ አስከሬኖች ማረፋቸውን በፎቶ አይቷል። እኔ እምቢ አልኩ። እነዚያ የሰው አያቶች ናቸው፤ ሕዝቡ አጠገባቸው ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ አይሸሻቸውም። የዋሻው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ሳይፈርሱ የቆዩት። ለጨዋታ የሚሆን መቃብር ከምናብ ይፈጠራል።

ጌታው ጎተራው የሞላ ባለጸጋ ነው። በክፉው ዓመት እህል ያበድራል። ዕዳውን ሳይከፍል የሞተውን ሰው ግን በአርባ ቀን ውስጥ ከመቃብር አውጥቶ ሰባት ዓመት ያሠራዋል። ሙታኑን «የሰባት ዓመት ሎሌዎች» አልናቸው። አይነክሱም፣ አይበሰብሱም። በትሩ ካላዘዛቸው በስተቀር ማንንም አይመቱም። ሲመቱ ደግሞ እያለቀሱ ነው።

ተጫዋቾቹ ወደ ቤቱ ሲገቡ የሚያገኙት በማሰሮ የተሞላ ጓዳ ብቻ ነው። ልጆች እንደምታውቋቸው ያገኙትን መስበር ይወዳሉ። እዚህ ግን ማሰሮ የሰበረ ሰው ገደለ ማለት ነው። አስተውሎ የሚያይ ተጫዋች ከማሰሮዎቹ አንዳንዶቹ ውሃ ሳይኖርባቸው ከውጭ ሲያልባቸው ያያል። እሱ እንባቸው ነው።

የትኛው ማሰሮ ሰው እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ማሰሮ ብቻ እንደሆነ በእርግጥ የሚለይ በመንደሩ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ሸክላ ሠሪዋ። የእጇን ሥራ ታውቃለች። ጭቃውን ከየት እንዳመጣችው፣ አንገቱን እንዴት እንዳዞረችው፣ የትኛው እሳት ላይ እንደጠቆረ ታስታውሳለች። ማንም ያልሠራው ማሰሮ ለእሷ ዐይን ወዲያው ይታወቃል። መንደሩ ግን ቡዳ ናት ብሎ ስላራቃት ተጫዋቾቹ እሷን ለማግኘት መጀመሪያ የመንደሩን ሐሜት አልፈው መሄድ አለባቸው። ሐሜቱን አምነው ቢያጠቋት ጨዋታው አይቆምም፤ ማሰሮዎቹን የሚለይላቸው ሰው ግን አይኖርም። ይህን ደንብ ልጁ ራሱ ነው ያመጣው። ኮርቼበታለሁ።

መፍትሔው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በትሩ መሰበር አለበት። ሁለተኛ፣ ሎሌው ጨው መቅመስ አለበት፤ ይህን ከሄይቲ ተበደርን፣ ግን አሞሌ አደረግነው። ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ከሚተላለፍባቸው የቆዩ ገበያዎች አንዷ ስለነበረች ለቦታው የተገባ ነው። ሦስተኛ፣ የሚያውቀው ዘመድ በስሙ ሊጠራው ይገባል። ስሙ ካልተጠራ ጨው የቀመሰው ሙት ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይንከራተታል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ቤት ለቤት እየዞሩ «ከእናንተ ማን ሞተ?» ብለው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ያን ጊዜ መንደሩ የረሳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያስታውሳል። ጊዜው ግን ይሮጣል፤ በየምሽቱ አንዱ ሎሌ ሰባት ዓመቱን ይጨርስና አመድ ይሆናል።

ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ተጫወቱት። አንዱ ጓደኛው በሩን እንደከፈተ ሦስት ማሰሮ በመጥረቢያ ሰባብሮ፣ ኋላ ነገሩን ሲረዳ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ አሉ። ሌላዋ ደግሞ «ሸክላ ሠሪዋን ለምን መጀመሪያ አልጠየቅናትም?» አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ከተገኘ እኔ ይበቃኛል።

እናንተም ልጆቻችሁ ተረት ሲጠይቋችሁ ቡዳውንም ጭራቁንም አትደብቋቸው፤ የአገራቸው ሀብት ነው። ስትነግሯቸው ግን በትሩ በማን እጅ እንዳለ ጠይቋቸው። በሰፈራችሁም ልጅ ሲከሳ ወይም ሲያብጥ «ዐይን በልቶት ነው» የሚል ሰው ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። የልጁን ሁለት እግሮች ከላይ በኩል በአውራ ጣታችሁ ለሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጉ። ጣታችሁን ስታነሡ ጎድጓዳው ከቀረ እብጠት ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን በመለኪያዋ ትለካዋለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ሕክምና ግን አለው። ከጓዳ አውጡት፣ ሰው ይየው። ዐይን አይበላውም።